አንድም ቀን ያልደረቀው መክተፊያ

«ይሄን አልሸጥልሽም።»

አናጢው መጀመሪያ ያለኝ ይሄን ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምግብ ቤት ምድጃ ሥር የምውል ወጥ ቤት ነኝ፤ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት።

«ለምን? ፊቴን ጠላኸው?»

«ፊትሽ ምንም አላለኝም። እንጨቱ ነው፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለው። ውሃ ሲገባበት ይከፈላል።» መክተፊያውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ሌላ ሰጠኝ። ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ከበድ የሚል፣ ሜፕል ከሚባል የፈረንጅ ዛፍ የተሠራ። «ይሄ ጠንካራ ነው። ቢላሽንም አያደነዝዘውም።»

አያያዙንም ነገረኝ። ውሃ ውስጥ እንዳልዘፈዝፈው፣ ሁለቱንም ፊት አጥቤ በጎኑ አቁሜ እንዳደርቀው፣ የምግብ ዘይት ስለሚሸት እንዳልቀባው። መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፋ።

«ሲደርቅብሽ አምጪው። የእንጨት ዘይት እቀባልሻለሁ።»

በወሩ ወሰድኩለት። በጨርቅ፣ ሳይቸኩል፣ ጠርዙን ሳይቀር ቀባልኝ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለ ምግብ ቤቱ ደንበኞች ስለፈልፍ እሱ ድምፁን ሳያሰማ ይስቃል። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እጆቹን እያየሁ የማወራው ጠፋኝ... ወደድኩት።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «ዕቃ መያዝ የማታውቅ ሴት ማን ይፈልጋታል» እያለች ያሳደገችኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ይሄ ሰው በየወሩ የደረቀ እንጨት ይዤ ስመጣ ዝርክርክ ናት ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ዘይቱን ከሌላ ሱቅ ገዛሁና በየእሁዱ ራሴ እቀባው ጀመር። ዓመት ሲሞላው እንደ አዲስ እያበራ አሳየዋለሁ፣ ያኔ ይኮራብኛል አልኩ።

አንድ ቀን የምግብ ቤቱ የጓሮ በር ላይ መጣ። ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር።

«እንጨቱ እንዴት ነው? አልደረቀም?»

«አንድም ቀን። አሁን ራሴ ነኝ የምቀባው፤ ከድካም ገላገልኩህ።»

የተስተካከለ ፀጉሩን ዳበሰ። «ጎበዝ» አለኝና ሄደ። እኔ ሞኟ ጎበዝ አለኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስፈነድቅ ዋልኩ።

ዓመት ሲሞላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። መዳፉን አሳረፈበት።

«እንዴት አድርገሽ ብትይዢው ነው» አለ። ቀጥሎም ቀና ሳይል፣ «በሚቀጥለው ወር ላገባ ነው» አለኝ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔ እኮ... እንድትወደኝ ብዬ ነው የያዝኩት።»

መዳፉን ከእንጨቱ ላይ አነሳ። «እኔ ለሌላ ደንበኛ ቀብቼ አላውቅም። ዘይቱን ሸጬ ነው የምሸኘው። አምጪው ያልኩሽ ላይሽ ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር። ገላገልኩህ ስትይኝ ባትፈልገኝ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

እንጨቱን የጠቀለልኩበትን ጨርቅ አጣጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት።

«እሷስ?» አልኩት።

«ደግ ናት። ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«እንግዲያ ቃልህን ጠብቅ።»

የመቀቢያ ጨርቁን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አውርዶ ለመጨረሻ ጊዜ ቀባልኝ። ዘይቱ ግን አልሰርግ አለ፤ የጠገበ እንጨት አይጠጣም። መልሶ በደረቅ ጨርቅ ጠረገውና ሰጠኝ። ሁለታችንም እያለቀስን ነበር።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ተረቱ ለኔ የተተረተ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀብቼው አላውቅም። ባለፈው እናቴ ሽንኩርት ልትከትፍበት አነሳችውና ጣቷን አሻሸችበት።

«ይሄ እንጨት እኮ ደርቋል ልጄ። የሚቀባልሽ ሰው አልነበረም እንዴ? ወስደሽ አታስቀቢውም?»

«እሺ እማ» አልኳት። ሽንኩርቱንም ተቀብያት እኔው ከተፍኩት።