በጋሼ ኪዳነወልድ ጉንጭ ላይ የደረቀው አረፋ

ጋሼ ኪዳነወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንበኛ ሲያስቀምጡበት በኖሩት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ሞተው ተገኙ። ጉሮሯቸው ተቆርጧል፤ ምላጩ ከቀኝ እጃቸው ሥር ወድቋል፤ ጉንጫቸው ላይ የመላጫ አረፋ ደርቋል። ዓይናቸው ስላልተከደነ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው ጸጉር ቤታቸው የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያያቸው በመስታወቱ ውስጥ ነበር። እሳቸውም የሚያዩት ይመስላሉ።

ኢንስፔክተር ይገረም ሬሳ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆም አለ። የጺም ማሽን አገጩን በሽፍታ ስለጨረሰው፣ በየቅዳሜው እዚህ እየመጣ በብሩሽና በሳሙና መላጨትን ከጋሼ ኪዳነወልድ ይማር ነበር። ያ ሁሉ ወንጀለኛ የሚፈራው መርማሪ ከአንዲት ብሩሽ ጋር ሲታገል ማየት ለጎረቤት ነጋዴ ሁሉ መሳቂያ ነበር። አንድ ቀን አረፋው እንደ ሾርባ ይቀጥናል፣ ሌላ ቀን ገና ፊቱ ሳይደርስ ይደርቃል።

«አትቸኩል» ይሉት ነበር ሽማግሌው። «ብሩሹን ንከር፣ አራግፍ፣ ሳሙናውን እስኪጠግብ እሸው። ውኃውን ጠብ፣ ጠብ እያደረግህ ጨምር። ጥሩ አረፋ በጣትህ ስትነካው አይፈርስም።»

ይገረም ጎንበስ ብሎ የሟቹን ጉንጭ ነካ። አረፋው በጣቱ ላይ ተፈረፈረ፤ የአይብ ፍርፋሪ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ባለው ሳህን ውስጥም ያው ፍርፋሪ አለ። ነገሩ ከነከነው፣ ግን ምኑ እንደሆነ አልያዝ አለው።

«ራሱን ነው ያጠፋው፣ ጌታዬ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው አያናግርም አሉ። በዚያ ላይ በሩ ተቆልፎ ነው የተገኘው።»

በር ላይ የቆመችው ልጃቸው ኤልሳቤት ይህን ሰማች። አላለቀሰችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ይገረም መጣች።

«ኢንስፔክተር፣ አባቴ ራሱን ገደለ ከተባለ እኮ ፍትሐት የለውም። ያለ ጸሎት፣ ያለ ቄስ ነው አፈር የሚለብሰው። የንስሐ አባታችን ነግረውኛል፣ የፖሊስን ቃል እየጠበቁ ነው። ቀብሩ ነገ ነው።»

«እስከ ነገ አንድ ነገር እነግርሻለሁ» አላት ይገረም። ምን እንደሚነግራት ግን አያውቅም ነበር።

በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው ወጣቱ ጸጉር አስተካካይ ሙናዊር ነው። ከሽማግሌው ጋር ዓመታት ሠርቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ያለው?»

«እሳቸው ጋ፣ እኔ ጋ፣ ጋሼ ፈለቀ ጋ። ሌላ ማንም የለውም።»

«ሰሞኑን ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ወላሂ በብሩሽ ነው! ሰዉ ቸኩሎ ተሰልፎ እሳቸው ቁጭ ብለው አረፋ ይመታሉ። በማሽን እናድርገው አልኳቸው፣ ተቆጡኝ። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ? ትናንት መግሪብ ሳይደርስ ነው የወጣሁት፣ ደህና ትቻቸው።»

ጋሼ ፈለቀ የሟቹ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አብነት ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። ጸጉር ቤቱ ከአባታቸው የወረሱት የሁለቱ ነው። ሲያለቅሱ ውለው ድምፃቸው ዘግቷል።

«ወንድሜ ራሱን አላጠፋም!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ሃይማኖተኛ ነው። ሲላጭ እጁ ስቶት ነው። እጁ ስቶት ነው ብለህ ጻፍልኝ፣ በእናትህ!»

«መቼ ነው በመጨረሻ ያዩአቸው?»

«ትናንት ከሰዓት ላጭቶኝ ሄድኩ። ሁሌም እሱ ነው የሚላጨኝ።»

«ቤቱን መጋዘን ሊያደርጉት ፈልገው ነበር፣ እሳቸው እምቢ አሉ ይባላል።»

«ወንድማማች ይከራከራል። ክርክር ክፉ ነው?»

ኤልሳቤት አጎቷን አቅፋ ትከሻቸው ላይ ተደፋች። ከእሷ ሌላ ለፍትሐቱ የሚሟገት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ይገረም ሰውየውን ወደዳቸው።

አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ደወለ። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ በኩል አብጧል፤ ጉዳቱ ከምላጩ ይቀድማል። ይገረም ስልኩን ዘግቶ ቁልፍ ያላቸውን ሰዎች ስም በማስታወሻው ላይ ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ብሩሹን አነሳ። ቀና ሲል የሽማግሌው ዓይን በመስታወቱ ውስጥ ከትከሻው በላይ የሚያየው መሰለው፤ ዞሮ ኋላውን አየ፣ ፎጣው ብቻ ነው የተሰቀለው። ፍርሃቱን ለመርሳት ብሩሹን ቀስ እያለ አሸው። አረፋው ወፍሮ፣ ነጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲህ አምሮለት አያውቅም። ማንን ጠርቶ እንደሚያሳይ አሰበ፤ ሊያሳያቸው የሚፈልገው ሽማግሌ ግን የሉም።

ከዚያ ራሱን ጠየቀ። ስንት ጊዜ አበላሽቷል፤ ግን አረፋው እንደ አይብ የተፈረፈረበት መቼ ነው? አንድ ቀን ብቻ፤ የመጀመሪያው ቀን። ፊቱን በግማሽ ላጭቶ፣ ግማሹን በፎጣ ጠርጎ ወጣ።

ከቀብሩ በፊት ኤልሳቤትን፣ ሙናዊርንና ጋሼ ፈለቀን ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ወንበሩ ላይ ነጠላ ተጥሎበታል፤ ማንም ወደዚያ አያይም። ጠረጴዛው ላይ ሳሙና፣ ሦስት ብሩሽና ሦስት ንጹሕ ሳህን አለ።

«እያንዳንዳችሁ አረፋ ትመቱልኛላችሁ።»

«በአባቴ ቀብር ቀን?» አለች ኤልሳቤት።

«ስለ ቀብሩ ነው፣ እህቴ። ታላቅ ይቅደም። ጋሼ ፈለቀ።»

ጋሼ ፈለቀ ግራ ገባቸው። በሩ አጠገብ ካለው በርሜል ውኃ ቀድተው ብሩሹን ነከሩና አሹ። ቢያሹ፣ ቢያሹ አረፋ የለም፤ ሳህኑ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ተንሳፈፈ።

«እኔ ተላጪ እንጂ ላጪ አይደለሁም» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሙናዊር ተነሳ። በርሜሉን አልፎ ከመታጠቢያው ሥር ያለችውን መጋረጃ ገለጠና ቢጫ ጀሪካን አወጣ። አረፋው ወዲያው ሞላ። ኤልሳቤትም ማንም ሳይነግራት እዚያው ጀሪካን ላይ ጎነበሰች።

«በርሜሉ ውስጥ ያለው የግቢው ጉድጓድ ውኃ ነው» አለ ይገረም። «ማዕድን ስለሚበዛበት ሳሙና ያበላሻል። የመጀመሪያ ቀን እኔም ከበርሜሉ ቀድቼ ይኸው ፍርፋሪ ወጣብኝ። ጋሼ ለአረፋ የሚጠቀሙት ከቧንቧ ያጠራቀሙትን፣ ጀሪካን ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ የደረቀው ግን የበርሜሉ ነው። ስለዚህ አረፋውን ራሳቸው አልቀቡትም። ራሳቸውን አላጠፉም፤ እጃቸውም አልሳታቸውም። ሌላ ሰው ቀባቸው።»

ይገረም ወደ ጋሼ ፈለቀ ዞረ።

«ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሙናዊር ጀሪካኑን በየቀኑ የሚሞላ ነው፤ አይሳሳትም። እርስዎ ግን ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው ነው የኖሩት፤ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ አይተው አያውቁም። ደግሞስ ሬሳ ላይ አረፋ ምን ይሠራል? ሲላጭ እጁ ሳተው እንዲባል ነው። ያንን ቃል ትናንት ከእርስዎ አፍ በቀር ከማንም አልሰማሁም።»

ጋሼ ፈለቀ ብሩሹን አልለቀቁትም።

«ገፋሁት» አሉ። «ማታ ተመልሼ መጥቼ ስለ መጋዘኑ ስንጨቃጨቅ ገፋሁት፣ ጭንቅላቱ እዚህ የጠረጴዛው እብነ በረድ ላይ አረፈ። ብጠራው አይሰማም። ሞተ አልኩ። ጩኸታችንን ጎረቤት ሰምቷል፣ እኔን ነው የሚሉኝ። ወንበሩ ላይ አወጣሁት... አረፋውን የቀባሁት ፍትሐት እንዳያጣ ብዬ ነው፣ ኤልሲ! ለእሱ ብዬ ነው!»

«ሐኪሙ ደሙን አይቷል» አለ ይገረም ቀስ ብሎ። «የሞተ ሰው እንደዚያ አይደማም። ምላጩን ሲያነሱ በሕይወት ነበሩ።»

ሰውየው መስታወቱን አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«ዓይኑን ገለጠ» አሉ። «ስቆርጠው በመስታወቱ አየኝ። የሬሳ ዓይን ይገለጣል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር... እሱ ነው ብዬ...»

የጨረሱት በለቅሶ ነው። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ኤልሳቤት ስልኳን አውጥታ ደወለች። «አባ፣ ፍትሐቱ ይደረግለት» አለች። «ራሱን አላጠፋም። አጎቴ ነው የገደለው።» ይህን ስትል ደስ አላት። በዚያ ደስታዋ አፍራ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ከትናንት ጀምሮ የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።