አረንጓዴዋ እርግብ

ድንጋይ ጠራቢው የሚሽከረከረው መሞረጃው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቷል። ሚስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገብታ ስትነካው ቀዝቅዟል። ሲጠርባት የነበረች አረንጓዴ የድንጋይ እርግብ አጠገቡ ወድቃለች።

ጥርጣሬው የሥራ ባልደረባው በሆነው ድንጋይ ወልዋይ ላይ ለማረፍ ጊዜ አልፈጀበትም። ሠላሳ ዓመት የሟቹን ሥራ በቆዳና በሰም እያሻሸ ነፍስ ሲዘራበት ኖሮ፣ ስሙ የሚነሳው የሟቹ ብቻ ነበር። ይህን ቂሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ ሟቹ ሰሞኑን በራሱ ምልክት የተሸጠ፣ ቀለም የተነከረ ርካሽ ድንጋይ አግኝቶ ሲበግን ሰንብቷል። ወልዋዩ ወገቤን አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር ቢልም ያየው ሰው የለም። ይመሰክርልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገው የሟቹን ሱቅ በሚይዘው በገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው።

በማግስቱ መርማሪዋ የሟቹን ሚስት፣ ወልዋዩንና ወንድሙን ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰብስባ ታናሽየውን ጠየቀችው።

«ጠዋት እንደወጣሁ የተመለስኩት የእትዬን ጩኸት ሰምቼ ነው» አለ። «እርግቧ ግን ተወልውላ እንደ መስታወት ታበራ ነበር። እዚህ ቤት የሚወለውል ደግሞ ጋሼ ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ወልዋዩ ወንድሙን አየው። ወንድሙ ጣሪያውን ያያል።

መርማሪዋ ከጨርቅ ውስጥ እርግቧን አወጣች። ደብዝዛለች፤ ገላዋ ላይ ነጫጭ ጭረት ሞልቷል።

«ትናንት ያነሳኋት እንዲሁ ሆና ነው። ተወልውላለች፣ አባባ?»

«የኔ እጅ አልነካትም።»

መርማሪዋ ውሃ አፈሰሰችባት። ጭረቱ ጠፋ፣ አረንጓዴው ጠለቀ፣ እርግቧ አበራች። ከዚያ ጠበቁ። ከምንቃሯ ጀምሮ እየደረቀች መልሳ ደበዘዘች።

«ጠራቢ ሲሠራ ድንጋዩ እንዳይግል ውሃ ይንጠባጠብበታል» አለች። «እትዬ፣ ሲገቡ ውሃ ነበር?»

«ጠብታ የለም። ሁሉም ደርቆ ነበር።»

«እንግዲያው ስታበራ ያያት ሰው፣ ያያት እርጥብ ሳለች ነው። ያኔ ሟቹ ገና እየሠራ ነበር።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ድንጋይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይታለልም። አንተ ሱቅ እንጂ ሥራ ቤት አታውቅም። ሐሰተኛውን ድንጋይ በሱቁ የሸጥከውም አንተ ነህ፤ ሲደርስብህ ገደልከው።»

ታናሽየው አልካደም። ወንድሙን ብቻ አየው።

«ጋሼ፣ አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ብትታሰር ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

አባታቸው ሲሞት ታናሽየው የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። አዝሎ ያሳደገው፣ ለእሱ ሲል ትዳሩን የተወው ወልዋዩ ነው።

መርማሪዋ «ይሂዱ አባባ፣ ነጻ ነዎት» አለችው።

ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ልጅ የለህም አለኝ እኮ» አለ።