የሰርክአዲስ ምርኩዝ

ሸዋ ሮቢት ላይ በወበቁ ወራት ፍሪጅ ያለው ሰው ከዳኛ ይልቅ ይከበራል። ዳኛ ቢበዛ ቢያስርህ ነው፤ እትዬ ዘምዘም ግን ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ጭማቂ ቤታቸው ቀዝቃዛ ውሃ ሊከለክሉህ ይችላሉ። ያ ነጭ ፍሪጅ ከላይ ለስላሳ፣ ከመሃል ፓፓያና ማንጎ፣ ከታች በቀኝ ጥጉ ደግሞ የአንዲት ልጅ ነፍስ ይዞ ይኖር ነበር። ነፍስ ሲባል ግነት አይምሰልባችሁ። ሰርክአዲስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም፤ ኢንሱሊን ደግሞ በዚያ ሙቀት ውጪ ከዋለ ይበላሻል። እናቷ እሌኒ ነርስ፣ አባቷ ጌታሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ ሁለቱም ከሆሳዕና ተመድበው የመጡ። የሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተደምሮ ፍሪጅ አይገዛም፤ ቢገዛ መንግሥት ራሱ ይደነግጥ ነበር። ስለዚህ እትዬ ዘምዘም ከለስላሳቸው ቦታ ቆርሰው ያንን ጥግ ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጡ።

ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ታቅፋ ትመጣለች። ከባንኮኒው ኋላ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ራሷን ትወጋለች። እትዬ ዘምዘም መርፌ ማየት ስለማይችሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ እትዬ፣ ዞር ይበሉ።"

"ወላሂ፣ የምትወጊው አንቺ፣ የሚያመኝ እኔ።"

"እንግዲያው ነገ እርስዎን ልውጋና እኔን ይመመኝ።"

እንዲህ ተባብለው ይስቃሉ። ሳቃቸው እዚያው በርጩማ ላይ የሚያረጅ መስሏቸው ነበር... የመጨረሻው ሳቁ መሆኑን አውቆ የሚስቅ ማን አለ?

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶቹን ደብረ ሲና ላይ ወደተዘጋጀ መንፈሳዊ ካምፕ ላከች። ጌታሰው ብርዱን ፈርቶ አንገራገረ። እሌኒ ግን ልጇ በሕመሟ ምክንያት ከእኩዮቿ እንድትለይ አልፈለገችም፤ ብልቃጡንና መርፌዎቹን በመሐረብ ጠቅልላ ከሹራቧ ጋር ሸከፈችላት። ምነው ያን ቀን እጇ በዛለ! ምነው መኪናው በተበላሸ!

የካምፑ ሰባኪ ምናሴ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጊታር የሚመታ፣ ጂንስ የለበሰ ወጣት። የቆላ ልጆች ጉም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ቀልድ ያወራላቸዋል፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስለቅሳቸዋል። ከሽማግሌዎች ስብከት እንቅልፍ ብቻ ሲያተርፉ የኖሩት ልጆች በአንድ ሳምንት አካሄዱን ሳይቀር ኮረጁት። አጭበርባሪ ቢሆን እንኳ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ምናሴ ግን የሚናገረውን ከልቡ ያምን ነበር። በመዝጊያው ቀን እንጨት ተመርኩዞ እያነከሰ መጣ፤ ከዚያ እንጨቱን እሳት ውስጥ ወርውሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ከጌታ ሌላ የተደገፋችሁበት ሁሉ ምርኩዝ ነው" አለ። "አምጡና ጣሉት። የጣላችሁትን ዞራችሁ አትፈልጉት።"

ልጆቹ ተሰለፉ። አንዱ የዘፈን ካሴቱን ጣለ፤ አንዱ ሲጋራውን። አንዱ የፍቅረኛውን ፎቶ ጣለ፤ በሳምንቱ የሌላዋን ፎቶ አገኘ። ሰርክአዲስ ግን የምትጥለው አጣች። አታጨስ፣ አትዘፍን፣ ፍቅረኛ የላት። ተራዋ እየደረሰ ነው፤ ባዶ እጇን እሳቱ ፊት መቆም አፈረች። በዚህ ዓለም የተደገፈችበትን ነገር ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘችው... መሐረቡን እንደተጠቀለለ ወረወረችው። ማይክራፎን ሲሰጣት "ከስኳር በሽታ ነፃ ወጥቻለሁ" አለች። ጭብጨባው ገደሉን አናጋው። ምናሴ ግንባሯን ስሞ "ወደ ኋላ እንዳታዪ፣ እህቴ" አላት። ይህን ሁሉ አንድ ልጅ በቴፕ ቀዳው።

ስትመለስ የፍሪጁ ጥግ ላይ ሌላ ብልቃጥ ይጠብቃት ነበር። እናቷ ግን አልነበረችም፤ ወባ ተነስቶ እሌኒ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ዘምታለች። ሰርክአዲስ እንደ ወትሮዋ በጠዋት መጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ፍሪጁን ግን አልከፈተችም።

"ዛሬስ አትወጊም?"

"ጾም ጸሎት ላይ ነኝ፣ እትዬ።"

እትዬ ዘምዘም ዝም አሉ። ሟቹ ባላቸው አሊዪ በረመዳን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እንኳን መርፌ ኪኒንም አይነኩም ነበር። በእሳቸው ቤት የሰው ጾም በሰውየውና በፈጣሪው መካከል ነው፤ ጎረቤት አይገባበትም፤ ያውም የሌላ ሃይማኖት ጾም። ካምፕ ይዛው የሄደችው ብልቃጥ ቤቷ አለ፣ ማታ ስትፈታ ትወጋዋለች ብለው አሰቡ። "አላህ ይቀበልሽ፣ የኔ ልጅ" አሏት። በማግስቱም መጣች፤ በማግስቱም አላህ ይቀበልሽ ተባለች። ይህች ልጅ በጎረቤት ንቀት ብትጎዳ ኖሮ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር። በአክብሮት ስትሞትስ ማን ይረገማል?

ውሃ በጆግ ትጠጣ ጀመር፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃ የማይጠጣ ማን አለ? ከሳች፤ የሚጾም ይከሳል። አስመለሳት፤ ጌታሰው ወባ ነው ብሎ የወባ ኪኒን አመጣላት። ትንፋሿ እንደ በሰለ ሙዝ ሲሸት ደግሞ ጾሟን ፈትታ ከጭማቂ ቤቱ ፍሬ የቀመሰች መስሎት ደስ አለው።

"መርፌሽን ትወጊያለሽ አይደል?"

"እትዬ ዘምዘም ጋ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ አባዬ።"

ላለመዋሸት የምትጨነቅ ልጅ መልስ ነበር። አባትም አልፎ አልጠየቀም።

እሌኒ ከዘመቻ ስትመለስ ያ ሽታ ከደጃፉ ተቀበላት። ነርስ ናት፤ የሙዝ አለመሆኑን አወቀች። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተወጋችው?"

"ወባ ነው እኮ..."

"ጌታሰው፣ ከመቼ ጀምሮ?"

ወደ ጭማቂ ቤቱ ሮጠች። እትዬ ዘምዘም የፍሪጁን በር እንደያዙ "ጾም ላይ ነኝ ብላኝ..." ሲሉ አልሰማቻቸውም። ብልቃጡን ነጥቃ ልጇን ወጋቻት፤ ነገር ግን ደሟ አስቀድሞ ተመርዞ ነበር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ለምነው ወደ ደጋው፣ ወደ ሆስፒታል ገሰገሱ። ዳገቱን ሲጀምሩ ጉሙ በመስኮት ገባ። ሰርክአዲስ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ፣ በረደኝ። ካምፕ ደረስን?"

"አልደረስንም። ተኚ፣ የኔ እናት።"

"መርፌውን ስትወጊኝ ደስ አለኝ... ወደ ኋላ አየሁ። ለወንድም ምናሴ እንዳትነግሪው።"

ከዚህ በኋላ ቃል አልወጣትም። የደብረ ሲና ቤቶች ገና ሳይታዩ፣ በእናቷ ጭን ላይ፣ ከሽንኩርት ሽታ ጋር እየተናነቀች ያቺ የማትዘፍን፣ የማታጨስ ልጅ አረፈች። መድኃኒቷን በመውጋቷ ይቅርታ እየጠየቀች ሞተች! ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ሐዘን አለ?

ሐዘኑ ሲያልቅ ቤቱም አለቀ። ጌታሰው አንድ ቀን "አንቺ ነርስ ነሽ" አላት፤ እሷም "አንተ አጠገቧ ነበርክ" አለችው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተሸክመው አንድ አልጋ ላይ መተኛት አቃታቸው። እሱ ዝውውር ጠይቆ ወደ ሆሳዕና ሄደ፤ እሷ መቃብሩን ትታ መሄድ አልሆነላትም። ከእትዬ ዘምዘም ጋር ብዙ ዘመን አልተነጋገሩም፤ ስታልፍ በወዲያኛው የአስፋልት ዳር ነበር። አንድ ቀትር ፀሐዩ አዙሯት ጭማቂ ቤቱ ገባችና ሳታስበው ያቺ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘምዘም ውሃ ቀዱላት። ፍሪጁ ሲከፈት የቀኝ ጥጉ ባዶ እንደሆነ አየች፤ አንድ ጠርሙስ እንኳ አላስቀመጡበትም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጥታ ትቀመጥ ጀመር።

ካሴቱ ግን አልተቀመጠም። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሞባይል ሚሞሪ እየተገለበጠ በየካምፑ ዞረ። "ነፃ ወጥቻለሁ" የሚለው ያ ቀጭን ድምፅ ስንቱን ልጅ አስለቀሰ! ቀረጻው የሚያበቃው ጭብጨባው ላይ ነው፤ አይሱዙው የለበትም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ወጣቶች ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ካምፕ የሚሄድ አውቶብስ ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው ላቡን እየጠረገ ጭማቂ ቤቱ ገባ።

"እናቴ፣ ጎማው እስኪቀየር ይቺን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ? በረዶዬ ቀልጦ ነው።"

እትዬ ዘምዘም ብልቃጡን አወቁት። ከታች፣ በቀኝ ጥጉ አስቀመጡት። በርጩማው ላይ የነበረችው እሌኒ ሰውየውን ትኩር ብላ አየችው፤ ድምፁን ከካሴቱ ታውቀዋለች።

"መውጋት ከጀመርክ ቆየህ?"

"ቆየሁ፣ እህቴ። ካልተወጋሁ አልውልም።"

"የሰርክአዲስ እናት ነኝ።"

የምናሴ ፊት በደስታ በራ። "የሰርክአዲስ! ምስክርነቷን ዛሬም እናሰማዋለን እኮ። እንዴት ናት?"

"ከካምፕ በተመለሰች በሳምንቷ ቀበርናት።"

ሰውየው የሚደገፈው ፈልጎ ባንኮኒውን ያዘ። አለቀሰ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። "ያኔ እኮ እኔም ልጅ ነበርኩ" አለ።

"አንተ አደግህ" አለች እሌኒ። "አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አውቶብሱ ውስጥ ላሉት ልጆች እንደምትወጋ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እነግራቸዋለሁ። በእግዚአብሔር ፊት፣ እነግራቸዋለሁ።"

ክላክስ ተሰማ። ፊቱን ጠርጎ ወጣ፤ በድንጋጤው ብልቃጡን ረሳው። እትዬ ዘምዘም ያዩት አውቶብሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። አንዴ ዝም ብለው ነበር፤ ዳግመኛ ዝም አይሉም። ባጃጅ አስቁመው ተከተሉ። ጀውሃ ላይ ልጆቹ ምሳ ቤት በረንዳ ላይ፣ ገበታ ፊት፣ ምናሴን ከብበው ሲዘምሩ ደረሱባቸው። ብልቃጡን ከምግቡ አጠገብ አስቀመጡት።

"መድኃኒትህን ረስተህ መጣህ፣ ልጄ።"

መዝሙሩ ቆመ። አጠገቡ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብልቃጡን አየች፤ ከዚያ የራሷን ቦርሳ ወደ ደረቷ ሳበች።

"ፓስተር፣ የእርስዎ ነው?" አለች ቀስ ብላ።

ምናሴ ልጅቷን አየ፤ ሁሉንም አየ። በዓይናቸው ውስጥ ቆሞ ያለውን ያን ቀጥ ያለ ሰው አየው፤ ሊጥለውም አልቻለም።

"የኔ አይደለም" አለ። "ለታመመ ወንድም የማደርሰው ነው።"

"አሜን" አሉ ልጆቹ።

እትዬ ዘምዘም ሲመለሱ እሌኒ በርጩማው ላይ ትጠብቃቸው ነበር።

"ደረሱበት?"

"ደረስኩበት።"

"ልጆቹ ሰሙ?"

እትዬ ዘምዘም እንደ ድሮው፣ እንደ መርፌው ሰዓት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ለሌላ ሰው ነው አላቸው።"

እሌኒ ተነሳች። ፍሪጁን ከፍታ ባዶውን ጥግ ጥቂት አየችው፤ ዘጋችው። ዕጣችን ግንባራችን ላይ ተጽፎ ይሆን? ወይስ በሌላ ሰው አፍ ተነግሮ፣ ተናጋሪው ሲረሳው እኛ ላይ የሚቀር ነው? የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው፣ በዚያ ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ እሳት መንደዱ ነው። የሰርክአዲስ ድምፅ ተሰማ፤ ተጨበጨበ፤ ልጆቹ ተሰለፉ። ከሰልፉ መጨረሻ ላይም ቦርሳዋን የታቀፈች አንዲት ልጅ፣ የምትጥለው አጥታ፣ ባዶ እጇን ትመለከት ነበር።