ባለቀንዷና ነጭ ጢሙ

«አያቴ፣ ዓይንሽ ደክሟል» አለችኝ የልጅ ልጄ። እኔን! እስካሁን ያለ መነጽር ክር ከመርፌ የማገናኘውን ልብስ ሰፊ!

ነገሩ በመስኮታችን ሥር በደረደርኳቸው ሸምበቆዎች ውስጥ ስለሚኖሩት ንቦች ነው። እነዚህ ቀፎ አያውቁም፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ጎጆ ሠርታ፣ እንቁላሏን ጥላ አፉን በጭቃ ትመርጋለች። ልጅቷ ሞተው ካገኘቻቸው ሁለቱን ለትምህርት ቤት የሳይንስ ትርኢት ካርቶን ላይ ለጥፋ ከሥራቸው ካርድ ላይ «ሁለት ዝርያ» ብላ ጽፋለች። አንደኛዋ ከፊቷ ግርጌ ሁለት አጫጭር ቀንድ አላት። ሌላው ቀንድ የለውም፤ ፊቱ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ፀጉር አለው፣ አንቴናውም ረዘም ይላል።

«ባልና ሚስት ናቸው» አልኳት።

«የሳይንስ መጽሐፌ ‹ባለቀንድ ንብ› ነው የሚለው። ይሄ ቀንዱ የታለ?»

«መጽሐፍሽ ሚስቲቱን ብቻ አይቶ ይሆናል።»

«ኧረ አያቴ! ማንበብ እንኳ ሳትች…» ቀሪውን ዋጠችው። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

አልተከራከርኳትም። ባለፈው ዓመት አንዲት ባለቀንድ ስትመርገው ያየሁት ሸምበቆ አፍ ላይ ብልቃጥ ደፋሁበት። መጀመሪያ ነጭ ጢሞቹ ወጡ፤ በማግስቱ ባለቀንዶቹ ተከተሉ። ብልቃጡን ከምሳ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩላት። አየችና ካርዱን ቀድዳ «አንድ ዝርያ፣ ሴትና ወንድ» የሚል ሌላ ጻፈች።

በትርኢቱ ቀን ማጉያ መነጽሯን ረስታ ሄደች። ከነሽርጤ ይዤላት ተከተልኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ መምህሩ «አንድ ዝርያ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?» ይላታል።

«ሸምበቆው ላይ ብልቃጥ ደፍቼ ጠበቅኩ።»

«ጎበዝ!» ተጨበጨበላት። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ እኔን አየችና «ሴትየዋ ማናት?» አለች።

ልጅቷ ቀና አለች። ክር የተጣበቀበትን ሽርጤን፣ የተቀደደ ነጠላ ጫማዬን አየች።

«ጎረቤታችን ናት። ዕቃ ልታደርስልኝ ነው የመጣችው።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ወጣሁ። ምላሴ ለማንም የማይመለሰው እኔ፣ ኮሪደሩ ላይ ሽርጤን ፈትቼ ብብቴ ሥር ሸሸግኩት። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«አያቴ…»

«ጎረቤት አይደለሁ? የሰው ቤት ሳይንኳኳ ይገባል እንዴ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አፈርኩ» አለች።

«በእኔ ነው በራስሽ?»

«ያኔ ባንቺ። አሁን በራሴ።»

እውነቱን መናገሯን ብወድላትም ጨከንኩ እንጂ አላባበልኳትም። እሷም አልጠበቀችም፤ የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ካርዱንና እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹የለየቻቸው አያቴ ናት› በይ። ‹አያቴ› የሚለው የቱ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ፤ መልኩን ልያዘው። ነገ ሽርጤን ለብሼ ክፍላችሁ እመጣለሁ። እኔ ቃሉን ፈልጌ እጠቁማለሁ፣ አንቺ ደግሞ ያቺ ጓደኛሽ ፊት ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ።»