አራተኛው ረድፍ

ኢየሩሳሌም መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው። በ1998 ኅዳር፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ የወይን ቦታ ውስጥ አንድ ወጣት ለምለም ሐረግ በቢላ እየቆረጠ ይጥላል።

«ኧረ ቁም! ወይኑን እኮ ገደልከው!»

ዘወር አለ። «እንዴት አደርክ ማለት አልተማርሽም?»

«ሁለት አንጓ መተው አለብህ!»

«ቁጠሪዋ።»

ቆጠረች። በየቅርንጫፉ ሁለት ሁለት አንጓ ቀርቷል። አዲሷ የግብርና ባለሙያ የምትገባበት ጠፋት።

«ይቅርታ...»

«ግድ የለም» አለ ይበልጣል እየሳቀ። «ለወይን የሚቆጣ ሰው ካየሁ ቆየሁ።»

ወይኑን የተከሉት አያቱ ናቸው። አሁን የሚይዙት አባቱ ቄስ ቀለመ ወርቅና እርሱ ነበሩ። ስድስት ረድፍ ብቻ ነው። ፍሬው ደርቆ ዘቢብ ሲሆን ለአጥቢያው ቅዳሴ ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ ኬሚካል የነካው ረድፍ ሦስት ዓመት ለመቅደስ ፍሬ አይሰጥም። ሥሩን ፍግና የባቄላ ገለባ ያለብሱታል፤ ሻጋታ ሲመጣ ቅጠሉን ቀንሰው ነፋስ ያስገቡለታል።

ኢየሩሳሌም መምጣት ያለባት ኅዳር ሐረጉ ሲገረዝ፣ መጋቢት ፍሬው ሲይዝ፣ ግንቦት ለለቀማው ነበር። እርሷ ግን በየሳምንቱ ምክንያት ታገኝ ጀመር። ምክንያቱ ወይኑ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር...

መጋቢት ላይ ነጭ ሻጋታ አራተኛውን ረድፍ ወረረው። አባትና ልጅ ለቅሶ ሄደዋል። ሕጉን ነግረዋታል፤ ትዕግሥት ግን አልነበራትም። የሻጋታ መድኃኒት መርጫዋን አዝላ ገባች።

ይበልጣል ሲመለስ ሽታው ከበሩ ተቀበለው።

«ምን አደረግሽ?»

«አዳንኩልህ!»

«ለማን? በዚህ ፍሬ አሁን ማን ይቀድሳል?»

መርጫውን ከጀርባዋ አውርዶ ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲያ ሳይጠራት ቀረ። ግንቦት ላይ መጥታ በአጥሩ አየች። ቅጠላቸው የሳሳው አምስቱ ረድፎች ሻጋታውን ተቋቁመው አፍርተዋል። ይበልጣል ደግሞ አራተኛው ረድፍ ሥር ይቆፍራል። ሊነቅለው ነው፣ አለች በልቧ። ሳትገባ ተመለሰችና ዝውውር ጠየቀች።

ወደተዛወረችበት ወገዳ በምትሄድበት ቀን መኪናው ሊነሳ ሲል፣ ይበልጣል እግሩ ጭቃ እንደሆነ እየሮጠ ደረሰ።

«የት ነው?»

«ረድፉን ስትነቅለው ቆሜ ማየት አልችልም።»

«መንቀል? የመድኃኒቱ ውሃ ወደ ሌላው እንዳይሄድብኝ ቦይ እየቀደድኩ እኮ ነው!»

«ታዲያ ለምን ዘጋኸኝ?»

«አባቴ “የረጨው ሰው ረድፉ እስኪጸዳ ድረስ ራሱ ይንከባከበው” አሉኝ። ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ነይልኝ ብሎ መለመን እንዴት ይቻላል?»

«አፍ አውጥቶ ነዋ!»

የመኪናው ረዳት አንዳርጌ በሩን ደበደበ። «እህቴ፣ ትወጫለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልጫን?»

ወጣች። ዝውውሩ የሚሰረዝ አልነበረም። በመስኮቱ ግን አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦ «ኅዳር እመጣለሁ! ሳልመጣ እንዳትገርዝ!»

መጣች። መጋቢትም፣ ግንቦትም። በዚያ ወገብ በሚሰብር መንገድ ሦስት ዓመት ተመላለሰች፤ ገለባ ተሸከመች፣ ፍግ በተነች። በሁለተኛው ዓመት ሻጋታው ተመልሶ ሲመጣ እጇን አላስችል አላት።

«እጅሽን ያዢ» አላት ይበልጣል።

«አንተው ያዘው!»

ያዘው።

በ2001 ግንቦት ቄስ ቀለመ ወርቅ ከአራተኛው ረድፍ አንድ ዘለላ አንስተው በፀሐይ አገላብጠው አዩት።

«አባ፣ ይሆናል?» ጠየቀች ኢየሩሳሌም።

«ይሆናል ልጄ። ለብቻው አድርቁት። ጥር ላይ የሚቆርቡ ሙሽሮች አሉ።»

«እነማን ናቸው?»

ቄሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለአባቷ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሷን ጠይቅ ብዬህ አልነበረም?»

ይበልጣል ላብ በላብ ሆነ። «እኔና... አንቺ። እሺ ካልሽ።»

«ጥር?» አለች ኢየሩሳሌም። «ስምንት ወር እኮ ነው!»

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሦስት ዓመት የቻልሽ ሴት!»

ጥር ደረሰ። ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው ተራ በተራ ከጽዋው ተቀበሉ። ኢየሩሳሌም ያን ቀን አልቸኮለችም። ወይኑ ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ ታውቅ ነበር።