ዕውሩ የሚያውቀው ክብደት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ነኝ፣ መርካቶ ሳድግ ጂን አለበት ብለው ሰው የሸሸው ቤት ተከራይቼ ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት፣ ስለዚህ ይሄን የምነግርህ ፈሪ ሆኜ እንዳይመስልህ፣ እንዲያውም ባታምነኝ ደስ ይለኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ መጀመሪያ ሥራዬን ልንገርህ። ካምፓላ ኪሰንዪ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቦዳ እጠግናለሁ፣ እዚህ ሰው የሚያመላልሰውን ሞተርሳይክል ቦዳ ነው የሚሉት። በዝናብና በጭቃ የሞተሩ ሴንሰር እየሞተ ሲያስቸግር፣ ለብዙዎቹ ሴንሰር የማይፈልግ መቆጣጠሪያ አስገባሁላቸው፣ ስሙንም ዕውሩ አልነው። የሞተሩ ማግኔት የት እንደደረሰ የሚያይበት ነገር የለውም፣ ሞተሩ ሲዞር መልሶ የሚልከውን ኤሌክትሪክ እያዳመጠ ነው የሚያውቀው። ደግሞ ቆጣቢ ነው፣ ለተጫነው ሸክም የሚበቃውን ይሰጣል እንጂ ቅንጣት አይጨምርም፣ ብቻህን ስትነዳ ትንሽ፣ ሰው ስትጭን ብዙ፣ ስልክህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ባለቤቱ ቢዋሽ እንኳ እሱ አይዋሽም።

ኸይሩ የሚባል የጅማ ልጅ አለ፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ጨዋው እሱ ነው። ሚስቱ ሰዓዳ የስድስት ወር እርጉዝ ሳለች ደም ፈሰሳት፣ ከኋላው ጭኗት ወደ ሆስፒታል ሲበር፣ ናጉሩ ዳገት ላይ ጀርባው ላይ እንደተደገፈች አረፈች። ቀብሯት ብዙም ሳይቆይ በዚያችው ቦዳ ሥራ ጀመረ፣ ሌላ ምን መተዳደሪያ አለው?

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ወደ ጋራዤ እየገፋት መጣ። እስከ ማታ ያደርሰኝ የነበረው ባትሪ አሁን ቀትር ላይ ያልቅብኛል፣ በዚህ ዓይነት መሥራት አልችልም፣ አለኝ። ፍሬኑ ይዞ ይሆናል ብዬ ፈታሁት፣ ኩሽኔታውን አየሁ፣ ጎማውን ነፋሁ፣ ምንም የለም። ብቻዬን ነድቼያት በሜዳው መንገድ እስከ ታክሲ ተራው ደርሼ ተመለስኩ፣ ስልኩን ሳየው የሁለት ሰው ሸክም ነው። ዕውሩ ቃዠ ብዬ ሰደብኩት፣ ከራሴ ቦዳ ላይ ደህናውን ፈትቼ ቀየርኩለትና ደግሜ ነዳኋት። አሁንም ሁለት ሰው።

ኸይሩን ሻይ ጠጥተህ ና ብዬ ሰደድኩት። ቦዳዋን በማቆሚያዋ አቆምኳት፣ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ነው፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ የሞተሩን ሽቦዎች ከመለኪያ ጋር አገናኘሁ። እዚህ ላይ ልብ በል፣ የቆመ ሞተር መልስ የለውም፣ ካልዞረ ምንም አይልክም፣ መለኪያውም ዜሮ አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የወንበሩ ስፕሪንግ ሲጥ አለ፣ መለኪያው ትንሽ ከፍ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ከፍ አለ፣ ልክ ሰው ተቀምጦ ሲመቻች። ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ዓይኔን ተክዬበት ነበር። በስመ አብ ብዬ ወንበሩን ዳበስኩት። እኔ ስነዳ የተቀመጥኩበት የፊተኛው ቀዝቅዟል፣ የኋለኛው ግን ሞቅ ይላል፣ እመነኝ፣ ሰው አሁን የተነሳበት ያህል።

ኸይሩ ዝናብ ሲያባራ ተመለሰ። ያየሁትን ሁሉ ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ዕውሩ ከነጂው ሌላ ማንም ሳይኖር ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ለትርፉ ሸክም ኃይል እንዳይሰጥ ልዝጋው፣ ዳገት ላይ ትደክማለች እንጂ ባትሪህ ማታ ያደርስሃል፣ አልኩት።

«ከኋላ ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩ። ይደነግጣል ስል፣ በእጅጌው የኋለኛውን ወንበር ከዝናቡ ፍንጣቂ ጠረገው።

«ጋሽ ተካ፣ ታዲያ ሰዓዳ ዳገቱን በእግሯ ትውጣ ነው የሚሉኝ?»

መቆጣጠሪያውን ሳልነካው ትልቅ ባትሪ አስሬለት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አምጥቶልኛል። ደህና ነው፣ ሥራውንም ይሠራል፣ ጉድጓድ ሲያይ ብቻ እንደዚህ አገር ሰው ምፖላ ምፖላ እያለ፣ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው፣ በዝግታ ያልፋል አሉ። እኔ ባትሪውን ልይ እያልኩ የማየው ሌላ ነው። ብቻዬን ስነዳት የሚታየው ሸክም አንደኛውን ጊዜ ሲያመጣት በዝናቡ ቀን ካየሁት ጨምሯል፣ በሁለተኛው ደግሞ ከዚያም ጨምሯል፣ ትንሽ ትንሽ ነው፣ ግን ጨምሯል፣ ለኸይሩ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ሰዓዳ ስታርፍ ስድስት ወሯ ነበር ብዬሃለሁ፣ ካረፈች ደግሞ ሦስተኛው ወር እየሞላ ነው።

ትናንት ኸይሩ ደጋግሞ ደወለልኝ። አላነሳሁም።