በመስኮት የሚጣለው ክር

ወገኖቼ፣ ይህን የማወራችሁ ከእናንተ የበለጠ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጎብኚዎች አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የማውቀው ነገር ቢኖር መንገድ ነው፤ እሱንም ቢሆን ባለቤቴ ከጎኔ ከተቀመጠች ታርመኛለች። ነገር ግን በእኛ ቤት የደረሰው በሌላ ቤት እንዳይደገም፣ ጥፋቴን ሳልሸፋፍን ልናገር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የሚገኘው መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ቅርንጫፎቹ ላይ ትናንሽ ቢጫ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ ሲነጋ ጀምረው ይንጫጫሉ። እኔ ከዚህ ዛፍ ጋር ጠበኛ ነበርኩ። ምክንያቱም መኪናዬን የማቆመው ከሥሩ ነው፤ የወፎቹም ኩስ ሌላ ማረፊያ ያጣ ይመስል ሁልጊዜ ጣሪያዋ ላይ ነው የሚያርፈው። ሳጥባት እውላለሁ፣ በማግስቱ ነጭ ሆና ትጠብቀኛለች።

ስለዚህ የሰፈራችን ኮሚቴ ዛፉን ቆርጦ የመኪና ማቆሚያ ለመሥራት ፊርማ ሲያሰባስብ፣ ሦስተኛው ፈራሚ እኔ ነበርኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ማን ሞኝ አለ!

የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ጠንቃቃ ሰው ነው። «ነዋሪው ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ነገር መኖር አለመኖሩ ይጠና፤ ከሌለ ይቆረጣል» አለና ጉዳዩን ለአንድ የጥናት ተቋም ሰጠው። የሰው ልጅ በዙሪያው ካለው ተፈጥሮ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠና፣ ዛሬ የምንሠራው ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የሚመክር ተቋም ነው። ጥናቱን እንድታካሂድ የተመደበችው ደግሞ የገዛ ልጃችን ሆነች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥያቄ ስለምታበዛ «መርማሪዋ» ነው የምንላት። እንግዲህ አሁን ለመጠየቅ ደመወዝ ይከፈላታል።

ቤት ለቤት ስትዞር ቆይታ የእኛም ተራ ደረሰ። መጠይቋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከእኔ ጀመረች።

«አባዬ፣ በሕይወትህ ስንት ጊዜ ወደ ተፈጥሮ አካባቢ ሄደሃል? ጫካ፣ ሐይቅ፣ ፓርክ…»

«እሱማ ተቆጥሮ ያልቃል? በሳምንት ሦስት ቀን ሐይቅ ነበርኩ!» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እውነቱን ለመናገር፣ ሐይቁ ዳር አውቶቡሱን አቁሜ መጋረጃውን እዘጋና እንግዶቹ እስኪመለሱ እተኛ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ውኃውን በእጄ ነክቼው አላውቅም። ይህን ግን መጠይቁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺስ እማ?»

ባለቤቴ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «እኔ? የት አባቴ ሄጄ!» አለች።

«የወፍ ስም፣ የዛፍ ስም ታውቂያለሽ?»

«ወፍ ወፍ ነው። ዛፉም ዛፍ ነው። ልጄ፣ ይህን እጅጌ ዛሬ ካላስረከብኩ ሴትዮዋ ነፍሴን ነው የምታወጣው።»

መርማሪዋ ነጥቡን ደመረች። እኔ ከሃያ አሥራ ሰባት አገኘሁ፤ ባለቤቴ ባዶ። ስንቱን ቀን ስቀልድባት ሰነበትኩ መሰላችሁ! «የተፈጥሮ ወዳጅ መጥቷል፣ ተነሽ ወንበር ልቀቂ» እላታለሁ። እሷም «ወዳጁ ሆይ፣ እስቲ መጀመሪያ ካልሲህን ከወንበሩ ላይ አንሳ» ትለኛለች።

ልጃችን ግን አልሳቀችም። የሰፈሩ መልስ ከሞላ ጎደል እንደ እናቷ ነበር። ጫማ ጠጋኙ ባዶ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጡረተኛ መምህርት ሁለት። ሪፖርቱ «ነዋሪዎች ከዛፉ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት የላቸውም» በሚል ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። ሐሙስ ለኮሚቴው እንዲቀርብ ተወሰነ። እኔም መኪናዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠብኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሐሙስ በፊት ባለው እሑድ ልጃችን እናቷን ለማገዝ የስፌት ክፍሉን አጸዳች። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ጣሳዎች አሉ፣ ሁለቱም ቁርጥራጭ ክር የሞላባቸው። እናቷ በመስኮት ክር ስትጥል ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች፤ እኔም አይቻለሁ። ሁለታችንም የስንፍና ልማድ ነበር የሚመስለን። «ከቅርጫት ይልቅ መንገድ ይቀርባታል» እያልኩ ስንት ጊዜ ተነጫንጬባታለሁ። ታዲያ ልጃችን ሁለቱንም ጣሳ በመስኮት ደፋቻቸው፤ አጥባም በቦታቸው መለሰቻቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በድንገት የስፌት መኪናዋን አቁማ «ውይ! ውይ!» ብላ ጮኸች። መቀሷን እንደያዘች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች። እናቷን በሥራ ለማገዝ በየቀኑ የምትመጣው ልጃችንና እኔ ተከትለናት ሮጥን። ከዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ወፍ በአንድ እግሯ ቁልቁል ተንጠልጥላ ትወራጫለች። እግሯ ላይ ሰማያዊ የናይለን ክር ተተብትቧል።

«መሰላል ላምጣ?» አልኩ።

«እስክታመጣማ ትሞታለች!» አለችና ጉልበቷን የሚያማት የስልሳ ዓመት ሴት፣ መጀመሪያ በመኪናዬ አፍንጫ፣ ከዚያ ጣሪያዋ ላይ ወጣች! ጣሪያው ጓ! ብሎ ሲጎደጉድ ሰማሁት። ወገቧን ደግፌ ያዝኳት። በአንድ እጇ ወፏን አቅፋ፣ በሌላው ክሩን በመቀሱ ጫፍ አንድ በአንድ በጠሰችው። ወፏ ምስጋናዋን ጣቷን በመንከስ ገልጻ በረረች።

ባለቤቴ ጣሪያው ላይ እንደቆመች ወደ ታች አየችን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሁለተኛውን ጣሳ ማነው የደፋው?»

«እኔ ነኝ እማ» አለች ልጃችን ቀለል አድርጋ። «አንቺስ ሁልጊዜ ትጥዪ የለም እንዴ?»

«እኔ የምጥለው የጥጡን ነው! ናይለኑ ለብቻው ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጫጩት በእኔ ናይለን እግሩ ታንቆ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ለያይቼ ነው የማስቀምጠው። ጥጡንም ቢሆን ከጣት አላስበልጠውም፤ ረጅም ከሆነ ይጠልፋቸዋል። የምጥለውም ጎጆ ሲሠሩ ብቻ ነው።»

«መቼ እንደሚሠሩ በምን ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አላውቅ! ወንዱ ቀለሙ ደመቅ ሲል ነዋ። እሱ ይሠራል፣ ሴቷ መጥታ ታያለች። ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ነው። ከእኔ ደንበኞች በምን ትለያለች?»

ልጃችን የተበጠሰውን ሰማያዊ ክር ከመሬት አነሳች። ከዚያ «እማ፣ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«መቼ ጠየቅሽኝ? ‹ስንት ጊዜ ሄድሽ› ነው ያልሽኝ። የት ልሂድ? እዚሁ ነው ያሉት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ለማታውቃት ወፍ እግር ስትጨነቅ፣ እኔ ስንፍና ብዬ ተነጫንጬባታለሁ። መጋረጃ ዘግቶ የተኛው ሰውዬ አሥራ ሰባት፣ እሷ ባዶ! በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ስለ እኔ ኖሯል። እዚያው መኪናዬ አጠገብ መፈረሜን ተናዘዝኩ። ባለቤቴ እንዳወርዳት እጇን ብቻ ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መርማሪዋ በማግስቱ ሪፖርቷን መልሳ ወሰደች። አለቃዋ «ያለቀ ሥራ ታፈርሻለሽ?» ብሎ ተቆጣት። «ሴቷ ካልወደደችው ይፈርሳል» ብላ መለሰችለት፤ ሰውየው ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። አንድ ሳምንት ለምና በየበሩ ተመለሰች። አሁን የያዘችው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለዛፉና እሱ ላይ ለሚኖሩት ስትል የምታደርገው፣ ወይም የምትተወው ነገር አለ?»

ባዶ ያገኘው ጫማ ጠጋኝ፣ ማስቲሽ የነካ ውኃ ሥሩን እንዳያቃጥለው ባልዲውን ተሸክሞ እስከ ቦዩ ድረስ እንደሚሄድ ነገራት። መምህርቷ ጫጩቶች ባሉበት ወር ድመቷን ቤት ትዘጋባታለች። ከእነዚህ አንዱም «ተፈጥሮን እወዳለሁ» አላለም። «ያው ጎረቤት አይደል?» ነው ያሉት። በእርግጥ «ምንም የለም፣ ይቆረጥልን» ያሉም ነበሩ፤ እሱንም ሳትቀንስ ጻፈችው።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቆሜ ፊርማዬን አነሳሁ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ዛፉ የተረፈው በአራት ድምፅ ብልጫ ነው። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎችም ናይለናቸውን በጣሳ ማጠራቀም ጀምረዋል። መኪናዬ ጣሪያዋ እንደጎደጎደ ሁለት መንገድ ማዶ ትቆማለች። አላስጠገንኩትም፤ ሳየው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ተፈጥሮን ለልጆቻችን ለማቆየት የምንደክም ሁሉ፣ ሰውን ስንት ጊዜ ርቆ እንደሄደ ከመጠየቃችን በፊት ደጃፉ ላይ ለማን እንደሚጠነቀቅ እንጠይቀው። የማናየውን ፍቅር የለም ብለን አንቁረጠው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲሱን ጥያቄ ለእኔም አቀረበችልኝ። «አባዬ፣ አንተስ?»

ብዙ አሰብኩ። «ባዶ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

በእርሳስ ጻፈችው። «ለምን በእስክሪብቶ አልጻፍሽውም?» ስላት፣ «የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ነው» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጬ የጥጥ ክር በጣቴ እየለካሁ እቆርጣለሁ። እሷ ደግሞ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «ረዘመ፣ አሳጥረው» ትለኛለች።